ሊቀ ዋሽንት ፌሊምና የአባቴ ካልሲ

ዋሽንት በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ አንድ የማይገዛ አዋቂ አይጠፋም። ራሱ አይገዛም፤ ሌላውም ያለ እሱ ፈቃድ እንዳይገዛ ቆሞ ይጠብቃል። ጥጃ በሚሸጥበትም፣ ጫማ በሚሸጥበትም እንዲህ ያለ ሰው አለ ሲሉ እሰማለሁ፤ ይኖራል፣ አልጠራጠርም። የኛ የክሌር ወረዳው ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ምክንያቱም የኛው ሰውዬ ልክ ናቸው። ልክ የሆነ ሰው ምን ያህል እንደሚያናድድ ደግሞ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስማቸው ፌሊም ኮንሲዳይን ይባላል። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የኤኒስታይመን ከተማ ፖስታ አዳይ ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ ማለትም ሰውን በሙሉ ጊዜያቸው ያርማሉ። እኔ «ሊቀ ዋሽንት» እላቸዋለሁ። ፊት ለፊታቸው ግን ብዬ አላውቅም፤ ማዕረጉ አነሰኝ ብለው ይቀየሙኛል።

ዋሽንት ስል ታዲያ ትንሿን፣ የቆርቆሮዋን ማለቴ አይደለም። እሷን እኛ ጋ ሕፃን ሁሉ ይነፋታል፤ ጎረቤት ለማሳበድ ትበቃለች። የማወራው ስለ ወፍራሙ ዋሽንት ነው፦ ክንድ የሚያህል፣ ቅኝቱ ዝቅ ያለ፣ ጉድጓዶቹ ከመራራቃቸው የተነሣ ጣት እስኪያም የሚያስዘረጋ። ጥሩ ከሆነ ሰው ለብቻው ሲያንጎራጉር ይመስላል። መጥፎ ከሆነ ግን ጉንፋን የያዛት ላም ነው። ሊቀ ዋሽንትም ወደዚህ ዓለም የመጡት ሰውዬውን ከላሟ ለመለየት ነው።

የምርጫቸው ሥርዓት ከቅዳሴ ይረዝማል። መጀመሪያ ዋሽንቱን ዓይናቸው ላይ ደግነው በውስጡ ወደ መስኮቱ ያያሉ። ምን እንደሚታያቸው አንድዬ ይወቀው። ቀጥለው ያሸቱታል። ከዚያ ኮታቸውን ከፍተው ብብታቸው ሥር ይወትፉትና አሥር ደቂቃ ሙሉ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ «ቀዝቃዛ ብረት ምራቅ ያቁራል፤ ሳይሞቅ የተነፋ ዋሽንት ጠባዩን ይደብቃል» ባይ ናቸው። ባለሱቁ ጃርላት ከብብታቸው የወጣውን ሁሉ በአልኮል እየወለወለ ወደ መደርደሪያው ይመልሳል። ያን ጊዜ የጃርላትን ፊት ማየት ነው!

ከሞቀ በኋላ ስድስቱንም ጉድጓድ ደፍነው የታችኛዋን ድምፅ የግድግዳውን ሰዓት እያዩ ይስቧታል። ቀጥሎ ጣት ሳያነሱ፣ በትንፋሽ ብቻ፣ ወደ ላይኛዋ ይዘላሉ። ይህም ካለፈ ዋሽንቱን አጠገባቸው ላገኙት ሰው፣ ለፖሊስም ቢሆን፣ ይሰጡና «በል ንፋ» ብለው ራሳቸው ውጭ ወጥተው ዝናብ ላይ ይቆማሉ። «ዋሽንት ለሚነፋው አይደለም፤ በመንገድ ለሚያልፈው ነው» ይላሉ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ብርዱ ይገባል፣ እኛ እንንቀጠቀጣለን። በመጨረሻ ቆባቸው ውኃ እያንጠባጠበ ይመለሱና ያችን የታወቀች ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፦

«ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም።»

አለቀ። ይግባኝ የለም።

አንድ ጊዜ አንድ ምስኪን ጀርመናዊ አገር ሊጎበኝ መጥቶ፣ ለማስታወሻ አንድ ዋሽንት ልግዛ ብሎ ጃርላት ሱቅ ገባ። ሊቀ ዋሽንት እዚያ ነበሩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ገብቶ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አሥራ አንድ ዋሽንት ጣሉበት። ሰውዬው ተስፋ ቆርጦ ከበሮ ገዝቶ ወጣ። ይኸው አገራችንን ወዶ እዚሁ ቀረ፤ ሐሙስ ሐሙስ ሙዚቀኛው መጠጥ ቤት ሲሰበሰብ ከበሮውን ታቅፎ ይመጣል፤ ከምቱ ጋር ግን እስካሁን አልተዋወቁም። የወረዳው ሙዚቀኛ በሙሉ ፌሊምን የሚረግምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው የዋሽንት ነፊው የኤንዳ ጉዳይ ነው። ወፍራሙ ዋሽንት በምራቅ እንዳይታፈን አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ አቅጥኖ በመንፊያው ማሳለፍ የቆየ ዘዴ ነው። ኤንዳ የእህቱ ሠርግ ላይ ሊነፋ ነበርና ሊቀ ዋሽንትን ምክር ጠየቀ። እሳቸውም «አትሰስት» አሉት። አልሰሰተም። ሙሽራዋ ወደ መሠዊያው መራመድ ስትጀምር ኤንዳ ነፋ፤ ከዋሽንቱ ድምፅና አረፋ እኩል ወጡ። አረፋው እየተንሳፈፈ ሄዶ የቄሱ መነጽር ላይ ፈነዳ። የሙሽራው እናት ተአምር መስሏት አማተበች። ፌሊም ከኋላ ወንበር ሆነው በሹክሹክታ (የሳቸው ሹክሹክታ እስከ ደወሉ ይሰማል) «ድምፁ ግን ንጹሕ ነው» አሉ።

እንግዲህ እኔን፣ ዴርቭላ ታልቲን፣ ከኚህ ሰው እጅ ምን ጣለኝ? አባቴ ነው የጣለኝ።

አባቴ ኮልማን ታልቲ የወተት መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ወፍራም ዋሽንት ነበረችው፤ አንድ የኪልራሽ ከተማ ብረት ቀጥቃጭ ጎተራው ውስጥ የሠራት፤ ሰውዬው ሁለተኛ ሠርቶ አያውቅም። የምታድረው ግራጫ የሱፍ ካልሲ ውስጥ ነው። ሆዷ ላይ አንድ ስርጉድ አለች፤ እናቴ ኔሳ አንድ ቀን በንዴት የመኪና በር ስትደረግም ዋሽንቷ መሐል ገብታ የተፈጠረች። አባቴ «ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ በሰለ» ይል ነበር። እናቴ «እንግዲያው አንተንም መሐል አስገብቼ ልሞክር» ትለዋለች። አርባ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ፌሊም በሕይወታቸው ከፈተናቸው ያሳለፏት ዋሽንት ያቺ ብቻ ናት። በየዓመቱ የፋሲካ ዕለት ከምሳ በኋላ «እስቲ አምጣት» ይላሉ፤ አባቴ ካልሲውን ያወጣል፤ እሳቸው ብብታቸው ሥር ያሞቋታል፤ አንድ ጊዜ ይነፋሉ፤ «ትናገራለች» ይላሉ፤ ከዚያ ለመመለስ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸዋል። አባቴም በየዓመቱ አንድ ቀልድ ነበረችው፦ «ስሞት ከኔ ጋር ቅበሯት። አለዚያ ፌሊም ይወስዳታል።»

አባቴ የካቲት ውስጥ ሞተ። ቀልድ ያልነው ነገር ኑዛዜ ሆነ። እንደ ደንባችን ሬሳው ሳሎን፣ ክዳኑ ባልተገጠመ ሳጥን ውስጥ ዋለ፤ ጎረቤት በሙሉ መጣ። ካልሲውን ከነዋሽንቷ ሳጥኑ ውስጥ የማኖሩን ክብር ፌሊም ለመኑን። ማን ይከለክላቸዋል? እኛ ወጥ ቤት ለመቶ ሰው ሻይ ስናፈላና ሃም ሳንድዊች ስንቆርጥ እሳቸው ለብቻቸው ገብተው አኖሩት። ዓይናቸው ቀልቶ ወጡ። እናቴም ገብታ አየችው፣ ካልሲውን ዳበሰችው፣ ምንም አላለችም። በማግስቱ ቀበርን።

ከቀብሩ በኋላ እናቴ ዝም አለች። አባቴን አርባ ዓመት ስትነዘንዝ የኖረች ሴት ዝም ስትል ቤቱ ያስፈራል። በሦስተኛው ሳምንት ሰሃን እያጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፦

«ዴርቭላ፣ በወሩ ቅዳሴ የአባትሽን ዜማ ትነፊልኛለሽ። ያችን ቀስ ያለችውን።»

«በምን እማዬ? ያለችኝ ትንሿ ናት። በሷ ብነፋው እኮ የሻይ ማንቆርቆሪያ ሲፈላ ነው የሚመስለው።»

«በምንም። ብቻ እንደሱ ይሁን። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እኛ ዘንድ ሰው በሞተ በወሩ ቅዳሴ አለ። እንግዲህ ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል፣ ዋሽንት የለኝም። እናቴ ከቀብሩ ወዲህ የጠየቀችው ብቸኛ ነገር ይህ ነው። ጃርላት ሱቅ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ማን ቆሞ ልይ?

«መጣሽ?» አሉኝ ፌሊም፣ ቀጠሮ ያለን ይመስል። «ይኼ ጉዳይ ለብቻ የሚሆን አይደለም።»

ጃርላት ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ «ይቅርታ» አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን አራት ጣልን። አንዱ አሉሚኒየም ነው፤ እኔ ወድጄው ነበር፤ «የታችኛው ድምፁ ያዛጋል» አሉ። የነሐሱን «ይኼስ ራሱን እየሰማ ነው የሚያወራው» አሉት። አንዱን ፕላስቲክ አሸተቱትና በሁለት ጣት ይዘው ለጃርላት መለሱለት።

«ይኼን ከየትኛው ሽንት ቤት ነው የነቀልከው?»

«ፌሊም፣ በእግዚአብሔር! ደንበኞች እኮ አሉ!»

«ለነሱው ብዬ ነው የምናገረው።»

ሁለተኛው ቀን ሌላ አራት። እኔ እነፋለሁ፣ እሳቸው ዝናቡ ላይ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ፣ «ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም»። ጃርላት ከሊመሪክ ከተማ ሦስት አስላከልኝ፤ ሦስቱም ተነፈሱ፣ አንዱም አልተናገረም። አንድ ነገር ግን ገረመኝ፦ እሳቸው ድሮ ሲጥሉ ይደሰቱ ነበር። አሁን አንዱን በጣሉ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል።

ቅዳሴው ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ዕለት፣ አሥራ አንደኛውን ሲጥሉ፣ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ፌሊም! አባቴ ሞቷል!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ዋሽንቱም አፈር ውስጥ ነው! እሱን የሚመስል አምጡልኝ አላልኩም! እናቴ እንድትሰማው የሚነፋ ነገር፣ የሚነፋ ብቻ፣ ነው የፈለግኩት! እርስዎ ግን ገደሉኝ!»

ሊቀ ዋሽንት ዋሽንቱን መደርደሪያው ላይ አኖሩ፣ ቆባቸውን አደረጉና ወጡ።

«ሠላሳ ዓመት ሱቅ ይዣለሁ» አለ ጃርላት፣ በሩን እያየ። «ይኼ ሰውዬ ፍርድ ሳይሰጥ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ምን ነካው?»

ምነው ምላሴን በቆረጠው! ግን የተናገሩት አይመለስም። ያን የሚያዛጋውን አሉሚኒየም ገዝቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

አርብ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን አበባ ልታስተካክል ሄዳ ብቻዬን ነበርኩ። ፌሊም ናቸው፣ እስከ ጉልበታቸው ርሰው። በእጃቸው ያን የታወቀ የቆዳ ማኅደራቸውን ይዘዋል። ውስጡ ያለውን የራሳቸውን ዋሽንት በዓመት ሁለት ጊዜ ብናይ ነው፤ ከሰማይ የወረደላቸው ቢሆን እንኳ ከዚያ በላይ አያከብሩትም ነበር።

«በዚህ ሞክሪ» አሉ።

ከፈትኩት። ግራጫ ብረት፣ ሆዱ ላይ አንድ ስርጉድ። ጣቴን ስርጉዷ ላይ አሳረፍኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«አባቴ ሳጥን ውስጥ ያለውስ?»

«የኔ ነው። ካልሲው የአባትሽ ነው፣ ዋሽንቱ የኔ ነው።»

«እና ይቺን… ለኛ ሊሰጡን አስበው ነው ያስቀሯት?»

«አይ!» አሉ በቁጣ፤ ሊቀ ዋሽንት ስሕተት አይወዱም፣ ለራሳቸው የሚያደላውንም ቢሆን። «እንዳትሳሳቺ። ሰረቅኳት። ሠላሳ ዓመት ስመኛት ኖርኩ፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል፣ እናንተ ሳንድዊች ትቆርጣላችሁ፣ አወጣሁና የኔን ከተትኩ። ባዶ ካልሲ ይዞ እንዲሄድ ደግሞ አልፈለግኩም። ያን ያህል አልወረድኩም።»

ቆባቸውን አውልቀው ውኃውን አራገፉ።

«ቤቴ ወስጄ አሞቅኳት። ነፋሁ። በማግስቱም ነፋሁ። አንድ ወር ሙሉ ነፋሁ።» ቆባቸውን መልሰው ደፉ። «ለኔ ትተነፍሳለች እንጂ አትናገርም፣ ዴርቭላ። ለሱ ነበር የምትናገረው። ከሱ ልጅ እጅ ቢሆንስ ብዬ… በይ አሙቂያት። ብርድ ነው።»

ልጮህባቸው ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ በጥፊ መምታትም አምሮኝ ነበር። ግን ሰውዬው ደጅ ቆመው እንደ ተቀጣ ተማሪ ጫማቸውን ያያሉ። ዋሽንቷን ብብቴ ሥር አስገባኋት። ሁለታችንም ስለ ዝናቡ አወራን። አሥር ደቂቃ ሞላ። ጣቶቼን እንደ አባቴ ዘርግቼ፣ በጫፋቸው ሳይሆን በመሐላቸው ሥጋ ጉድጓዶቹን ደፈንኩና የታችኛዋን ድምፅ ሳብኩ። ከዚያ ዜማውን ጀመርኩ። ቀና ስል ፌሊም ከፊቴ የሉም። መንገዱ ማዶ፣ ድንጋይ አጥሩ ሥር፣ ዝናቡ ላይ ቆመዋል። እስከ መጨረሻው ነፋሁ።

ከማዶ ሆነው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከበው ጮኹ፦

«ትናገራለች!»

የጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ።

ቅዳሜ ቅዳሴው ላይ ነፋሁት። እናቴ የፊት ወንበር ላይ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ሦስተኛው ስንኝ ላይ እንባዋ ወረደ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አረፋ አልወጣም። ቄሱ ግን ነገሩን አልረሱትምና መነጽራቸውን አስቀድመው አውልቀው ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ቤታችን መጣ፣ ሻይ ተፈላ። ፌሊም የሳሎኑ ጥግ ተለጥፈው ሳንድዊች እንኳ አላነሱም። እናቴ ሰሃን ሞልታ ሰዉን እየጣሰች ሄደችና ደረታቸው ላይ ገፋችው።

«ብላ፣ አንተ ሌባ!»

ፌሊም ሰሃኑን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ኔሳ… ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ካልሲውን ሳጥኑ ውስጥ ዳብሼ አይቼዋለሁ። ስርጉድ የለውም። ያችን ስርጉድ በገዛ እጄ የሠራሁ እኔ፣ አላውቃትም ብለህ ነው?»

«እማዬ!» አልኩ። «ከቀብሩ በፊት አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ታዲያ ምን ልበል? አባትሽ ቅበሯት ብሏል፤ እምቢ ብል ቃሉን ማፍረስ ነው። ብንቀብራት ደግሞ ለዘላለም ቀረች።» የሳንድዊቹን ፍርፋሪ ከፌሊም ኮት ላይ አራገፈችላቸው። «ከመቃብር ከማወጣት ከፌሊም እጅ ማውጣት ይሻለኛል አልኩ። አንድ ወር ሰጠሁት። ቅዳሴው ላይ ንፊ ያልኩሽ ለምን ይመስልሻል?»

ከዚያ ሳቀች። አባቴን በመኪና በር የምታስፈራራበትን ሳቅ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ሊቀ ዋሽንት ያለ ዋሽንት ቀርተዋል፤ የሳቸው ከአባቴ ጋር ተቀብሯል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸውንና እኔን ጃርላት ሱቅ ታገኙናላችሁ፤ ለሳቸው እየመረጥን ነው። ጃርላት መንገድ ላይ ገና ሲያየን ወደ ዕቃ ቤቱ ይገባል። እኔም ምርጫውን ተምሬዋለሁ፦ መስኮቱን አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ አሞቃለሁ፤ ጃርላት የኔንም በአልኮል ይወለውላል።

ያለፈው ቅዳሜ አንድ አዲስ ገብቶ ነበር፤ ጥቁር እንጨት፣ በእጅ የተሠራ። ፌሊም ነፉት፣ እኔ ውጭ ወጥቼ ዝናቡ ላይ ቆምኩ። የታችኛዋ ድምፅ በተከፈተው በር ወጥታ መንገዱን አቋረጠች። ሳይክል የምትገፋ አንዲት ሴት ቆም ብላ አዳመጠች። ተመልሼ ስገባ ሊቀ ዋሽንት ዋሽንቱን ይዘው ያዩኛል።

«እኔ እንጃ» አሉ። «አርጅቻለሁ፣ ጆሮዬም ደክሟል። ይኼ አይበቃም? ልውሰደው እንዴ? አንቺ ምን ትያለሽ?»

ጃርላት ከዕቃ ቤቱ አንገቱን አወጣ። እጆቹን ለጸሎት አጋጥሟል።

«ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም» አልኩ።

ሊቀ ዋሽንት ፊታቸው በራ። «እኔም ብያለሁ!» አሉና ዋሽንቱን ለጃርላት መለሱ።

ለናንተ ግን አልዋሽም፤ ጥሩ አድርጎ ይናገር ነበር። ግን እሳቸው ዋሽንት ከገዙ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ከማን ጋር ልሂድ?